ካሪቡ ቻኩላ፦ ስዋሂሊን ከማዕድ መጀመር



ሞምባሳ ወይም ዛንዚባር ውስጥ በምሳ ሰዓት ሰው ቤት የሚደርስ እንግዳ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ሆዲ!» ይላል። ከውስጥ «ካሪቡ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሲገባ ቤተሰቡ «ምኬካ» የሚባለው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ «ሲኒያ» የሚሉትን ሰፊ ትሪ ከብቦ ያገኛል። ወዲያው የሚሰማው «ካሪቡ ቻኩላ» የሚለው ቃል ነው። ትርጉሙን ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሳይነገረው ይረዳዋል፤ «እንብላ» ማለት ነው። የሚበላ ሰው የደረሰበትን ሰው ሳይጋብዝ መጉረሱ በእኛ ዘንድ ነውር እንደሆነ ሁሉ በዚያም ነውር ነው። አስቸጋሪው ነገር ግብዣውን መረዳት ላይ አይደለም። እንግዳው ምን ብሎ ይመልስ?

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ብዙዎቹ የቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ስለማይመልሱት ነው። መጻሕፍቱ «አምጣልኝ»፣ «ስንት ነው?»፣ «ሂሳብ» ማለትን ያስተምራሉ። ከፍሎ ለሚሄድ ደንበኛ ይህ ይበቃዋል። የስዋሂሊ ማዕድ ግን ከትእዛዝ ይልቅ በግብዣና በግብዣ መልስ የተሞላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ስዋሂሊን ለመማር ያሰበ ሰው ከማዕድ ቢጀምር፣ ከማዕድም መልሱን አስቀድሞ ቢያጠና፣ ቋንቋውንም ሰዉንም አብሮ ያገኛል።

ቋንቋው ለእኛ የሩቅ አይደለም። ሞያሌን የተሻገረ ነጋዴ፣ ናይሮቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ለስብሰባ አሩሻ ወይም ዳሬሰላም የሚሄዱ ሠራተኞች ሁሉ ያገኙታል። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 እዚሁ አዲስ አበባ ባደረገው የመሪዎች ጉባኤ የሥራ ቋንቋው አድርጎ ተቀብሎታል። ዩኔስኮ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጁላይ 7ን፣ በእኛ ሰኔ 30ን፣ የዓለም የስዋሂሊ ቋንቋ ቀን ብሎ ሰይሟል፤ የተናጋሪዎቹንም ቁጥር ከ200 ሚሊዮን በላይ ያደርሰዋል።

ስለ አነባበቡ ጥቂት ልበል። ስዋሂሊ አምስት አናባቢዎች ብቻ አሉት፤ በእኛ ፊደል ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ የምንላቸው ድምፆች ናቸው። የግዕዙን «ኧ» እና የሳድሱን «እ» እርሱት። «ካሪቡ» ሲባል ሦስቱም ፊደላት ሙሉ ድምፃቸውን ይይዛሉ፤ ጫናው በአብዛኛው ከመጨረሻው ቀድሞ ባለው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል፦ ካ-ሪ-ቡ፣ ቻ-ኩ-ላ። እንደ ጨ፣ ጠ፣ ቀ፣ ጸ ያሉ ፈንጂ ድምፆች የሉትም፤ «ቻኩላ»ን በ«ጫ» ብትጀምሩት ጆሮ ይጎረብጣል። ለሌሎች ተማሪዎች ምላስ የሚያስረው «ኝ» ደግሞ ለእኛ የእናት ቋንቋ ድምፅ ነው። ሥጋ «ኛማ»፣ መጠጣት «ኩኝዋ» ነው። «እባክዎ» የሚለው «ታፋዛሊ» ውስጥ ያለው «ዛ» በትክክል ሲነገር ምላስ ጥርስ መካከል ይገባል፤ በ«ዛ» ብታልፉትም ሰው ይረዳችኋል።

አሁን ወደ መልሱ። «ካሪቡ ቻኩላ» የተባለ ሰው መብላት ከፈለገ «አሳንቴ» ብሎ ይቀርባል፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ጠግቦ ከሆነ «አሳንቴ፣ ኒሜሺባ» ይላል፦ አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ። በልቶ የመጣ ሰው «ኒሜሻኩላ» ይላል፤ ቀደም ብዬ በልቻለሁ እንደ ማለት ነው። ተቀምጠው የሚበሉት ሰዎች ቦታ ሊለቁለት ሲነሣሡ «ስታሬሄ» ማለት ያምራል፤ አትነሡ፣ አትቸገሩ የሚል ትሕትና አለበት። «ኤንዴሌኤኒ» ብሎ መጨመርም ይቻላል፤ ቀጥሉ፣ ማዕዳችሁ አይቋረጥ።

የማይባለውንም ማወቅ ያስፈልጋል። «ሃፓና» አይ ማለት ነው፤ «ሲታኪ» አልፈልግም ማለት ነው። ሁለቱም በሰዋስው ረገድ እንከን የለባቸውም፤ ነገር ግን «እንብላ» ላለን ሰው ዓይኑን እያዩ «አልፈልግም» ማለት በእኛ ቤት ምን እንደሚመስል አስቡት። እንቢ ማለት ሲያስፈልግ ምክንያቱን ከምስጋና ጋር ማቅረብ ነው። የእኔ ምክር ደግሞ ከተቻለ ፈጽሞ እንቢ አለማለት ነው። «ኪዶጎ ቱ» ማለትን ልመዱ፤ ጥቂት ብቻ ማለት ነው። ጥቂት የቀመሰ እንግዳ ባለቤቲቱንም አያስከፋም፣ ሆዱንም አያስጨንቅም።

ቁጭ ካላችሁ በኋላ የምትሰሙትን ታውቁታላችሁ። ባለቤቲቱ «ኩላ! ኩላ!» ትላለች፤ «ብላ! ብላ!»። ትሪው ሲጎድል «ኦንጌዛ» ትላለች፤ ጨምር። እጃችሁን ሰብሰብ ስታደርጉ «ኡሲኦኔ ሃያ» ትላለች፤ አትፈር። እናንተም በእውነት ከበቃችሁ «ኢናቶሻ፣ አሳንቴ» ትላላችሁ፤ ይበቃል፣ አመሰግናለሁ። ይህ መግደርደርና ማግደርደር የትኛውም ክፍል ውስጥ የማይገኝ ልምምድ ነው፤ ተማሪው አንዱን ቃል በአንድ ምሳ ደጋግሞ ሰምቶ ደጋግሞ ይመልሳል።

በእነዚህ አጫጭር መልሶች ውስጥ የስዋሂሊ ግሥ ዋና አሠራር ሁሉ አለ። «ኒሜኩላ»ን፣ ማለትም በልቻለሁን፣ እንፍታው። «ኒ» እኔ ነው፣ «ሜ» ድርጊቱ መፈጸሙን ያሳያል፣ «ኩላ» መብላት ነው። «ኒ»ን አንሥታችሁ «ኡ» ብታስገቡ «ኡሜኩላ» ይሆናል፦ በልተሃል፣ ወይም በልተሻል። «ኣ» ብታስገቡ «ኣሜኩላ»፦ በልቷል ወይም በልታለች። «ቱ» ስታስገቡ «ቱሜኩላ»፦ በልተናል። መካከል ያለውን «ሜ» ደግሞ በ«ታ» ብትተኩት «ኒታኩላ» እበላለሁ ነው፤ በ«ሊ» ብትተኩት «ኒሊኩላ» በላሁ ነው። አንድ ቃል ውስጥ ባለቤቱንም ጊዜውንም መሸከም ለአማርኛ ተናጋሪ ብርቅ አይደለም፤ የኛው «በልቻለሁ»ም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ስዋሂሊ መለዮዎቹን ከፊት መደርደሩ ነው። ወንድና ሴት ስለማይለይ «በላህ?» እና «በላሽ?» የሚባል ጣጣም የለበትም፤ ለሁሉም «ኡሜኩላ?» ነው። አንቱታውም በግሡ ላይ ስለማይታይ አክብሮት የሚገለጠው በሰላምታና በመጠሪያ ነው። ለታላቅ ሰው «ሺካሞ» ይባላል፣ ታላቁም «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል። እናት የምትሆንን ሴት «ማማ»፣ እኩያን «ዳዳ»፣ ወንድሙን «ካካ»፣ ሽማግሌውን «ምዜ» ማለት ነው። ምግብ ከመጠየቅ በፊት ሰላምታ ይቀድማል፤ ይህን ዘሎ በቀጥታ ወደ ምግቡ የሚገባ ሰው ሰዋስው ቢያውቅም ጨዋታ አላወቀም።

«ኡሜኩላ?» ለተባለ ሰው ገና ካልበላ መልሱ «ሲጃላ ባዶ» ነው። «ባዶ» የሚለውን ስትሰሙ አትደናገሩ፤ በስዋሂሊ «ገና» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «ኒና ንጃአ» ማለት ይከተላል፤ ርቦኛል። ጠንከር ሲል «ንጃአ ኢናኒኡማ» ይባላል፣ ረኃቡ አመመኝ እንደ ማለት። ውሃ ጥም ሲሆን «ኒና ኪኡ» ነው።

ከሰው ቤት ወጥተን መንገድ ዳር እንሂድ። በታንዛኒያ ከተሞች ምድጃቸውን ጥላ ሥር ጥደው ለሠራተኛው ምሳ የሚያቀርቡ ሴቶች «ማማ ንቲሊኤ» ይባላሉ። ስዋሂሊን በገንዘብ ልማር የሚል ሰው ካለ የምልከው ወደ እነርሱ ነው፤ ምክንያቱም ምግቡ ከፊት ለፊት ስለሚታይ ቃሉና ነገሩ አብረው ይመጣሉ። «ማማ፣ ሺካሞ። ሌኦ ኩና ኒኒ?» ትላላችሁ፤ ዛሬ ምን አለ? እርሷም ትዘረዝራለች፦ «ዋሊ ማሃራጌ፣ ዋሊ ሳማኪ፣ ኡጋሊ ኛማ»። ሩዝ በባቄላ መሳዩ ቦሎቄ፣ ሩዝ በዓሣ፣ ገንፎ መሳዩ ኡጋሊ በሥጋ ማለት ነው። መካከላቸው ማያያዣ ቃል አያስፈልግም። መልሱ «ናኦምባ ዋሊ ማሃራጌ» ነው። «ናኦምባ» እለምናለሁ ማለት ስለሆነ ውስጡ ትሕትና አለው። በናይሮቢ ጥድፊያ ውስጥ «ናታካ»ን፣ ማለትም እፈልጋለሁን፣ ወይም «ኒሌቴኤ»ን፣ አምጣልኝን፣ አዘውትራችሁ ትሰማላችሁ፤ ማንም አይቀየምም። ዳሬሰላምና ዛንዚባር ላይ ግን «ናኦምባ» ይሻላል። ለሁለቱም አገር አንድ ቃል ብቻ እይዛለሁ የሚል ሰው ይህን ይያዝ። ሲያበቃ «ሺሊንጊ ንጋፒ?» ብሎ ዋጋውን መጠየቅ ነው። ኬንያ ውስጥ ደግሞ «ሆቴሊ» የተጻፈበትን ትንሽ ቤት አይታችሁ አልጋ አለው ብላችሁ አትግቡ፤ እንደ ብዙዎቹ የእኛ አገር «ሆቴሎች» ምግብ ቤት ነው።

ስለ ሩዝ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እኛ እርሻ ላይም ጆንያ ውስጥም ሳህን ላይም ያለውን ሩዝ እንለዋለን። በስዋሂሊ ማሳ ላይ ያለውና ያልተፈተገው «ምፑንጋ» ነው፣ ተፈትጎ ገበያ የቀረበው «ምቼሌ» ነው፣ የበሰለው «ዋሊ» ነው። ምግብ ቤት ገብቶ «ናኦምባ ምቼሌ» ያለ ሰው ጥሬውን ጠየቀ ማለት ነው።

ቁጥር ውስጥ ስንገባ ስዋሂሊ ትዕግሥት ይጠይቃል። ስሞቹ በወገን በወገን የተመደቡ ናቸው፤ ቁጥሩና ቅጽሉ የስሙን ወገን ምልክት ተከትሎ ይለወጣል። አንድ ማንኪያ «ኪጂኮ ኪሞጃ» ነው፣ ሁለት ማንኪያ «ቪጂኮ ቪዊሊ»። አንድ ዳቦ «ምካቴ ምሞጃ»፣ ሁለት ዳቦ «ሚካቴ ሚዊሊ»። አንድ እንቁላል «ያኢ ሞጃ»፣ ሁለት እንቁላል «ማያኢ ማዊሊ»። ቻፓቲ ግን ዝም ብሎ «ቻፓቲ ሞጃ፣ ቻፓቲ ምቢሊ» ነው። መጣፈጥም እንዲሁ ይለዋወጣል፦ ምግቡ «ኪታሙ»፣ ሩዙ «ምታሙ»፣ ሥጋው «ታሙ»። ይህን በሠንጠረዥ ማጥናት ያሰለቻል። ቁርስ ላይ ከፊት ያለውን እየቆጠሩ ጮክ ብሎ መናገር ግን ወገኖቹን ምላስ ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ አብዛኞቹ ዋና ዋና ወገኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገኛሉና። ጠረጴዛው ራሱ «ሜዛ» ይባላል፣ ከፖርቹጋሎች የመጣ ቃል ነው። ዓሣው «ሳማኪ» እና ስኳሩ «ሱካሪ» ከዓረብኛ፣ ቻፓቲው ከሕንድ ነው፤ የባሕር ዳርቻው ንግድ ታሪክ ማዕዱ ላይ ተቀምጧል።

በአንድ ነገር ግን ከዓለም ተማሪ ሁሉ እንበልጣለን፤ እርሱም ሰዓት ነው። የስዋሂሊ ሰዓት እንደ እኛው ከፀሐይ መውጣት ይቆጠራል። እኩለ ቀን «ሳአ ሲታ» ነው፣ ስድስት ሰዓት። «ቱታኩላ ሳአ ንጋፒ?» ብላችሁ፣ ማለትም በስንት ሰዓት እንበላለን ብላችሁ ስትጠይቁ «ሳአ ሳባ» ከተባላችሁ ሰባት ሰዓት ላይ ኑ። አውሮፓዊው ተማሪ ስድስት ሲደምርና ሲቀንስ እኛ ማዕድ ላይ ደርሰናል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ያው ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ብቻ ነው፤ እንደ እኛው ሰዓቱንም አብሮ ያዞረዋልና። ቁርስ «ቻኩላ ቻ አሱቡሂ» ወይም «ኪፉንጉዋ ኪኝዋ» ነው፣ ምሳ «ቻኩላ ቻ ምቻና»፣ እራት «ቻኩላ ቻ ጂኦኒ» ወይም «ቻ ኡሲኩ»።

ብዙዎቻችሁ የምትጾሙ ስለሆናችሁ ስለ ጾም ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ለእኛ ተጓዦች ከሁሉ የሚያስፈልገው ንግግር ይህ ይመስለኛል። «ኒሜፉንጋ» ጾሜያለሁ ማለት ነው። ችግሩ በባሕር ዳርቻው፣ ሙስሊሙ በሚበዛበት አገር፣ ይህን የሰማ ሰው ከንጋት እስከ ፀሐይ ግባት ምንም እንደማትቀምሱ አድርጎ ይረዳችኋል፤ ውሃም ላያቀርብላችሁ ይችላል፣ ያም ከአክብሮት ነው። የረመዳን ማፍጠሪያ እዚያ «ፉታሪ»፣ የሌሊቱ ምግብ «ዳኩ» ይባላል፤ ጾም ሲባል የሚታሰባቸው ይህ ሥርዓት ነው። የክርስቲያኖቹ የዐቢይ ጾም መጠሪያ «ክዋሬሲማ» ቢታወቅም የእኛን የፍስክና የጾም ምግብ ልዩነት አያስረዳም። ስለዚህ የጾሙን ስም ትታችሁ የማትበሉትን ንገሩ፦ «ሲሊ ኛማ፣ ዋላ ማያኢ። ሲኝዊ ማዚዋ።» ሥጋም እንቁላልም አልበላም፣ ወተት አልጠጣም። «ሲሊ» ያው «ኩላ» ነው፤ አጭር ግሥ በመሆኑ በአዎንታ የተሸከመውን «ኩ» በአሁን ጊዜ አሉታ ይጥለዋል። ቀጥላችሁ ድስቱን እያሳያችሁ «ኢና ኛማ ንዳኒ?» በሉ፤ ውስጡ ሥጋ አለው? ይህ ጥያቄ በተለይ ለ«ፒላው» ያስፈልጋል፤ ሩዙ በሥጋ መረቅ ስለሚበስል ሥጋውን አንሥቶ መስጠት አይጠቅምም። ኬንያ ውስጥ ሻይ ሲባል ብዙ ጊዜ ከወተት ጋር የፈላ ስለሆነ «ቻኢ ያ ራንጊ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ወተት የሌለው ሻይ ነው። እንግዲህ የሚበላው ብዙ ነው፦ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ፣ «ዋሊ ዋ ናዚ» የሚሉት የኮኮናት ሩዝ፣ «ምቺቻ» የሚባለው ቅጠል፣ ጎመን መሳዩ «ሱኩማ ዊኪ»፣ የተቀቀለ ሙዝ፣ «ሙሆጎ» የሚሉት ካሳቫ። ጿሚ ሰው በስዋሂሊ አገር አይራብም፤ ማስረዳቱን ካወቀ።

እጅ መታጠብ ላይ እኛን የሚያስተምረን የለም። በብዙ ቤት ልጅ ወይም ባለቤቲቱ ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዘው ይመጣሉ። ካላመጡ «ናኦምባ ማጂ ያ ኩናዋ» ነው፤ የመታጠቢያ ውሃ እለምናለሁ። የሚበላው በቀኝ ነው። ኡጋሊ በአብዛኛው ከበቆሎ ዱቄት ይሠራል፤ በቆሎ ከአሜሪካ ከመምጣቱ በፊት ማሽላና ዳጉሳ ነበር፣ ዛሬም «ኡጋሊ ዋ ምታማ» የሚባል የማሽላ ኡጋሊ አለ። ከትኩሱ ቆርሶ በመዳፍ ማድቦልቦል፣ በአውራ ጣት ጎድጎድ ማድረግ፣ ወጡን በዚያ መዝገን ነው። እንጀራ የለመደ እጅ ቶሎ ይይዘዋል። ጨው ካነሰ «ናኦምባ ቹምቪ»፣ ቃሪያ ለሚወድ «ናኦምባ ፒሊፒሊ»።

ከምግብ በኋላ ሞምባሳና ዛንዚባር ውስጥ ቡና ሻጮች ከሰል ላይ የተጣደ የናስ ማንቆርቆሪያ ይዘው በጠባብ መንገዶች ይዞራሉ። «ካሃዋ ቹንጉ» ይሉታል፤ ስኳር የሌለው፣ መራራ፣ ከእኛ ሲኒ በማይበልጥ ሲኒ የሚቀዳ። ጥሬው ፍሬ «ቡኒ» ይባላል። ከጎኑ «ካሻታ» የሚሉት የኦቾሎኒ ወይም የኮኮናት ጣፋጭ አለ። ሰው ቆሞ ወይም ደጃፍ ላይ ካለው የድንጋይ መደብ ተቀምጦ ወሬ የሚይዘው እዚያ ነው። ማዕድ ላይ የተማራችሁት ቃል ሲያልቅባችሁ ቀጣዩን የምታገኙት ከዚህ ወሬ ነውና ሳትቸኩሉ ጠጡ።

ምስጋናው አጭር ነው። «አሳንቴ ክዋ ቻኩላ» ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ ነው። ለአብሳይዋ «ኡሜፒካ ቪዙሪ» ብትሏት ደስ ይላታል፤ አሳምረሽ ሠርተሻል። በሙስሊም ቤት ሲጀመር «ቢስሚላሂ»፣ ሲያበቃ «አልሃምዱሊላሂ» ትሰማላችሁ። በክርስቲያን ቤት አባወራው «ቱኦምቤ» ብሎ ጸሎት ያስጀምራል፤ እስኪያበቃ እጅ መሰብሰብ ነው። ለመመረቅ የሚወድ ሰው «ሙንጉ አዋባሪኪ» ማለት ይችላል፤ እግዚአብሔር ይባርካችሁ።

ከአንድ ምሳ በላይ የሚቆይ እንግዳ ግን ሌላም ነገር ማወቅ አለበት። በስዋሂሊ የታወቀ ተረት አለ፦ «ምጌኒ ሲኩ ምቢሊ፣ ሲኩ ያ ታቱ ምፔ ጄምቤ።» እንግዳ ሁለት ቀን እንግዳ ነው፣ በሦስተኛው ቀን መቆፈሪያ ስጠው። የታንዛኒያ መሪ የነበሩት ጁልየስ ኔሬሬ ሥራንና አብሮ መኖርን ለሕዝባቸው ሲያስረዱ ይህን ተረት ይጠቅሱ ነበር። ለቋንቋ ተማሪ ደግሞ ሦስተኛው ቀን ከሁሉ የሚጠቅመው ነው፤ ከትሪው ተነሥቶ ወደ ማድቤት የሚገባበት ቀን ነውና። እዚያ የሚያስገባው ቃል «ኒኩሳኢዲኤ?» ነው፤ ላግዝሽ? «ኒኩሳኢዲኤ ኩካታ ቪቱንጉ?» ሽንኩርት በመክተፍ ላግዝሽ? «ኒኩሳኢዲኤ ኩኦሻ ቭዮምቦ?» ዕቃ በማጠብ ላግዝሽ? ባለቤቲቱ መጀመሪያ «እንግዳ ነህና ተቀመጥ» ትላችሁ ይሆናል። ደግማችሁ ጠይቁ። ቢላዋውን ከሰጠቻችሁ በኋላ «ሂኪ ኒ ኒኒ?» እያላችሁ፣ ይህ ምንድን ነው እያላችሁ፣ የያዛችሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አሳዩአት።